ብስክሌት ጫማ ነው የተባለበት ቀን

ዛሬ ተጨብጭቦልኝ፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ!

ተሰድቤ እንዳይመስላችሁ። ተመስግኜ ነው። እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶባችሁ ያውቃል?

ዲላ ላይ የባጃጅና የሞተር ሹፌሮች ስብሰባ ነበር። አጀንዳው ለእግረኛ ስለሚሰጥ አክብሮት ነው። እኔን፣ ጡረተኛውን መምህር፣ በክብር እንግድነት ጠሩኝ። ባጃጅን በየሳምንቱ እዚህ ፖስት እያደረግሁ ስለምነዘንዝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ሰብሳቢው ወጣት ማይኩን ያዘና፣ ‹‹ጋሼ በጃንሆይ ጊዜ በብስክሌት ሲሄዱ፣ ሽማግሌ ባዩ ቁጥር እየወረዱ ሰላም ይሉ ነበር! እናንተስ?›› አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ተነሥተው ይታዩ አሉኝ። ተነሣሁ። ላብ በላብ ሆንኩ።

መውረዱንስ ወርጃለሁ። ግን ለምን?

ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ ወናጎ አስተምራለሁ። ከአዲስ አበባ ብስክሌት አስመጣሁ። በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭና፣ አቧራ ጠጥታ መጣች። አረንጓዴ፣ መብራት ያላት፣ ደወሏ ከሩቅ የሚሰማ!

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ? ‹‹የበቅሎ ዘመን አበቃ! አሁን የቴክኖሎጂ ጊዜ ነው!›› እያልኩ ሰውን አሰለቸሁት። ያኔ ፌስቡክ ቢኖር ሁላችሁም ብሎክ ታደርጉኝ ነበር።

ማርታ የምትባል ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። የማመልከቻው ፎርም ዘግይቶ ደረሰንና የመጨረሻው ቀን ላይ ወደቅን። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ዲላ፣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት መግባት አለበት። በስድስት ሰዓት ፖስታው ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ይሄዳል።

ካመለጣት በሚቀጥለው ዓመት ትሞክር እንዳትሉኝ። አጎቶቿ ባል አግኝተውላታል። ትማር የሚሉት አያቷ ብቻ ናቸው።

አያቷ ሃይቻ ጂሎ ይባላሉ። ሃይቻ የሚባለው በጌዴኦ የተከበረ ሽማግሌ ነው። ያን ቀን ጠዋት በቅሏቸውን እየጫኑ አገኘኋቸው።

‹‹መምህር፣ ወረቀቱን ለኔ ስጥ። እኔ ዲላ ገበያ እሄዳለሁ›› አሉኝ።

‹‹በበቅሎ? አባቴ፣ እርስዎ ሲደርሱ እኔ ተመልሼ፣ ምሳ በልቼ ተኝቻለሁ!››

ማርታ እኔን አየች፣ በቅሎዋን አየች። ምን ታድርግ፣ መምህሯ ነኝ።

ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ከወናጎ ዲላ መንገዱ ቁልቁለት ይበዛዋል። ፔዳሉን ረስተኸው እንኳ ትደርሳለህ! ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው።

ግን የገበያ ቀን ነው። መንገዱ በሽማግሌ ተሞልቷል። በዚያ ጊዜ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ታላቁን ካገኘ ወርዶ ነው ሰላም የሚለው። ስለ ብስክሌት ግን የተባለ ነገር የለም።

ለመጀመሪያው ሽማግሌ ወረድኩ። ይኼኛው፣ እውነቴን ነው፣ በአክብሮት ነበር።

‹‹ይሄ ነገር ሳር ይበላል?›› አሉኝ።

‹‹አይበላም አባቴ! ውኃም አይጠጣም!›› አልኩና ደወሉን አሰማኋቸው። ደንገጥ አሉ፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዱ። ወይ ደስታ!

በቃ፣ ለከፈኝ።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ከሩቅ ሳይ ደወሉን እደውላለሁ። ካልዞሩ እደግማለሁ። ሲዞሩ እወርዳለሁ። የኋላ ጎማዋን አንሥቼ እያሽከረከርኩ፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት አበራላቸዋለሁ። በሰላምታ ስም ኤግዚቢሽን! አንዱን ሽማግሌ እንዲያውም አልፌያቸው ነበር፤ ‹‹ኧረ አላዩኝም›› ብዬ ተመለስኩ።

ዲላ ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ ጎማዋን አንሥቼ ሳስረዳ፣ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ሃይቻ ጂሎ ናቸው። ልውረድ እንዳልል ወርጃለሁ።

‹‹መምህር፣ ስንት ሰዓት ነው?››

ሰዓቴን አየሁ። አምስት ተኩል።

ክው አልኩ! የልጅቷን ዕድል ደረት ኪሴ ውስጥ ከትቼ ደወል እየደወልኩ ነው! ዘልዬ ወጣሁ፣ ፔዳሉን በኃይል ረገጥኩ፣ ካቴናው ወለቀ።

እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ። ፎርሙን ሰጠኋቸው። አንድም ክፉ ቃል አልወጣቸውም። በቅሎዋን ነካ አደረጓት፣ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው፣ ሄዱ።

እኔ ያቺን የቴክኖሎጂ ውጤት እየገፋሁ፣ እጄ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ስደርስ ስድስት ሰዓት አልፏል። ሃይቻ ጂሎ ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብለዋል።

‹‹ገብቷል›› አሉኝ። ብስክሌቴን ተደግፌ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ሸንጓቸው ላይ፣ እነሱ ሶንጎ በሚሉት፣ ጉዳዬን አነሡት። ብስክሌት ከብት ነው ወይስ ጫማ? ከብት ከሆነ ለሰላምታ ይወረዳል። ጫማ ከሆነ ግን ጫማውን አውልቆ ሰላም የሚል የለም። ክርክሩ ግማሽ ቀን ፈጀ! በመጨረሻ፣ ሳር ስለማይበላ ጫማ ነው ተብሎ ተወሰነ። መምህሩ ከእንግዲህ እንዳይወርድ!

ምስኪኖች፣ በአክብሮት ብዛት የዘገየሁ መስሏቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው። አንገቴን ደፍቼ አመሰገንኩ። እውነቱን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።

ማርታ ነርስ ሆነች። የዲላን ግማሽ ሕዝብ እሷ ናት መርፌ የወጋችው። አሁን እሷም ጡረታ ወጥታለች፣ የኔን ግፊት ግን ዛሬም ትለካለች። ዛሬ ስብሰባው ላይ አጠገቤ ነበረች። ጭብጨባው ሲቀልጥ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

‹‹ጋሼ፣ ደወሉንስ አይነግሯቸውም?››

‹‹የምን ደወል?›› ፊቴ ጋለ።

‹‹አያቴ መንገዱን ሙሉ እየሰማው ነው የመጣው። ሽማግሌዎቹን ‹ልጁ ሁለተኛ ሰበብ እንዳያገኝ ጫማ ነው እንበለው› ብሎ የለመናቸውም እሱ ነው።››

ይህን ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ማይኩን ስጡኝ አልኩ፣ ስብሰባው አልቋል አሉኝ። ለእናንተ የለጠፍኩት ለዚህ ነው።

የሞተርና የባጃጅ ልጆች፣ ለእግረኛ ቀስ በሉ፣ ይህ አይቀርላችሁም። እኔን መንገድ ላይ ስታገኙኝ ግን አትውረዱ፣ ክላክስም አታድርጉ። እጃችሁን አንሡልኝና የያዛችሁትን አድርሱ።

ግን እስቲ ንገሩኝ፣ እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ምስጢር የደበቅሁት ከማን ነው?