እጅህ የት ነው?

ከፖሊስ መደበቅ ይቻላል፤ ከሚስትም እንደ ምንም ይቻላል። ሳይነገራቸው ከሚያውቁ ሴቶች ግን ማንም አምልጦ አያውቅም። ልብስ ሰፊውን የገጠሙት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ የጤና ጣቢያው የምክር ነርስ፣ ክብርት ሲስተር «እጅህ የት ነው»። ስሙን ያወጡላቸው ታካሚዎቹ ናቸው።

ልብስ ሰፊው ቫይረሱ በደሙ ከተገኘ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ኪኒኑን እየዋጠ ደህና ይኖር ነበር። መጠጡ ሲበዛ ኪኒኑን መርሳት ጀመረ፤ የተኛው ቫይረስም ነቃ። ሐኪሙ፣ በዚሁ ከቀጠልክ የልጅህን ሠርግ አታይም ብሎ ወደ ሲስተር ላከው።

ሲስተር አልተቆጡም፣ አልሰበኩም። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ልክ መቀሱን አስቀምጦ ሲነሳ ይደውላሉ። «አሁን እጅህ የት ነው?» ይኸው ነው። እጁን ያያል፤ ብርጭቆ ላይ ከሆነ እውነቱን መናገር አለበት። ከተናገረ በኋላ ደግሞ መጠጡ አይጥመውም።

አንድ ቀን በቃኝ አለ። ስልኩን ቤት ጥሎ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ፣ ረግጦት የማያውቀው አረንጓዴ ግሮሰሪ ገባ። ከእሱ በቀር ሰው የለም። የመጀመሪያውን ሊያነሳ ሲል የግሮሰሪው ስልክ ጮኸ። አሳላፊዋ አዳመጠችና ቀስ ብላ ዘረጋችለት። «ሌላ ሰው የለም፤ አንተን ነው» አለችው። ላብ አጠመቀው።

በማግስቱ፣ ድግምት አለብዎት ወይ ብሎ ሊያፋጥጣቸው ሄደ። ሲስተር ከመሳቢያ አንድ ካርድ አወጡ። መጀመሪያ ቀን ሞቅ ብሎት መጥቶ የሞላው፣ የሚጠጣባቸው ቤቶች ዝርዝር ነው። መጨረሻው ላይ፣ በገዛ እጅ ጽሑፉ፣ «ከእርስዎ ማምለጥ ካማረኝ፦ ከአውቶቡስ የማየው አረንጓዴው ግሮሰሪ። ስልኩ በሩ ላይ ተጽፏል» ይላል፤ ቁጥሩን ሲስተር ያኔውኑ ከበሩ ቀድተው ጽፈውበታል። ትናንት ቤት የጣለውን ስልክ ልጁ ስታነሳላቸው፣ ሲስተር ዝርዝሩን ከታች ጀምረው ደወሉ። እሱ መጻፉን ጨርሶ አያስታውስም። ከሲስተር ይልቅ ያንን የጻፈውን ሰው ፈራው።

አምስት ወር አለፈ፤ ቫይረሱም ተመልሶ ተኛ። አንድ ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ስልኩ ዝም። አሥራ አንድ ተኩል፤ ዝም። እፎይ ማለት ሲገባው ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ራሱ ደወለ። ተነሳ፤ የሚናገር ግን የለም፣ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ሲስተር፣ አሁን እጅዎ የት ነው?»

ከዚያ አሳምሮ የሚያውቀውን ድምፅ ሰማ፤ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ።

«ካቆምኩ ስድስት ዓመቴ ነው» አሉ። «እኔን የሚጠይቀኝ ግን የለም።»

«አይንኩት፤ መጣሁ» አላቸው፣ ጃኬቱን እየፈለገ።

አሁን በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መስመሩ አይገኝም። ሁለቱም እኩል፣ አንዱ ለሌላው እየደወሉ ነው።