ባሌ የጠገናት ጥፍር

ከባለቤቴ ጋር የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ምን እንደነበር ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ጥፍር ጠገንን!

አትሳቁ። ስልክ ላይ በአንድ ጣት ነው የምጽፈው፣ ቀስ እያልኩ። ታገሡኝ።

ጊዜው የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ ቦታው ቡታጅራ። እሱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔ ደግሞ የቀሚስ ጠርዝ እያጠፍኩ አቀብለዋለሁ። እጥፋቱን የምጫነው በቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ነው። ያን ዕለት ማታ የክር ሳጥኑን ስከፍት ጥፍሬ እስከ መሀል ተሰነጠቀ።

«ቁረጠው» አልኩት።

«ምን በወጣው ይቆረጣል! እጅሽን አምጪ።»

ከሲጋራ ፓኮው ስስ ወረቀት ቀደደ። የግራር ሙጫ በሞቀ ውሃ አሟሟ። ለጠፈልኝ፤ በዚያ በትልቁ የጨርቅ መቀስ ዙሪያውን ከረከመ፤ የከሰል ካውያውን ጠጋ አድርጎ አደረቀው። ሲጨርስ ያጠነክራል ብሎ ነጭ ሽንኩርት አሸልኝ!

«አትነቃነቂ! ጨርቅ አይደለሽ፣ ተርትሬ አልሰፋሽ!»

በማግስቱ ጠዋት ጨርቅ ሊገዛ ወደ ወልቂጤ ሄደ። የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። ከሰዓት በኋላ ሬሳው መጣ።

አሁን ጉዱን ስሙ።

ያኔ ባሏ የሞተባት ሴት ፊቷን መንጨት ነበረባት። በጥፍሯ፣ ደም እስኪወጣ። ካልነጨች አልወደደችውም ማለት ነው። ፍቅር የሚለካው በጉንጭ ነበር!

እኔ አለቀስኩ። ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስኩ። ግን ያቺን ጥፍር በገዛ ጉንጬ ላይ ልስበራት? እሱ እኮ ነው የሠራት!

«ሌሎቹ ጥፍሮችሽስ?» ትሉኝ ይሆናል። ግራ እጄ ቀኙን ጨብጦ አልለቅም አለኝ። ምን ላድርግ?

የባሌ እህት እትዬ ሙሉ ከለቅሶው መሀል ብድግ አለች።

«ጉንጯን እዩልኝ! ሙሽራ መስላ!»

«ለሚመጣው ባል ነዋ» አለች አንዷ ከጥግ።

ይሄ አልበቃ ብሎ እትዬ ሙሉ ማሽተት ጀመረች።

«ነጭ ሽንኩርት ነው? ወንድሜ መሬት ሳይገባ ወጥ ትሠሪያለሽ?!»

ጡጫዬን ፈልቅቃ ከፈተችው። ወረቀት የተለጠፈባትን ጥፍር አየች።

«አያችሁ? ጥፍሯን ስታሳምር ነው የከረመችው!»

«ወንድምሽ ነው የጠገናት» አልኩ። «ትናንት ማታ።»

ማን ይስማኝ! ለጥፍሯ ሳስታ ለባሏ ያላዘነች ተባልኩ። ወሬው ጥያ ድረስ ዘለቀ። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ መጀመሪያ የሚያዩት እጄን ነበር።

ጥፍሯ ግን አልተሰበረችም። እያደገች ወረቀቱን ወደ ጫፍ ገፋችው። አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ ወረቀቱ የለም። ያን ቀን፣ ማንም ሳያየኝ፣ እንደገና አለቀስኩ።

ዛሬ ምን ቆሰቆሰኝ?

የእትዬ ሙሉ የልጅ ልጅ ወልቂጤ ላይ የጥፍር ቤት ከፍታለች። ቪዲዮዋን አየሁት። የተሰነጠቀ ጥፍር በስስ ወረቀትና በማጣበቂያ ስትጠግን!

«አዲስ ዘዴ» ትላለች።

አዲስ?! ላይኩ ብዛቱ! አያቷ እኔን ያዋረደችበትን እሷ እንጀራ አደረገችው!

ኮሜንት ልጽፍላት ጀምሬ ነበር። አንዱን ፊደል ፈልጌ እስካገኝ ንዴቴ በረደና ተውኩት። በዚህ ዕድሜ ከጥፍር ሠሪ ጋር ልጣላ?

አሁን ብቻዬን ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥፍሮቼን አሳጥሬ እቆርጣለሁ። የቀኝ አውራ ጣቴን እተዋትና ነጭ ሽንኩርት አሻታለሁ።