ሊቀ ዘይት አያ አድማሴ

በየሰፈሩ ሳይጠሩት የሚመጣ አንድ አዋቂ አይጠፋም። ጣሪያ ስታስመታ መሰላሉ ሥር ቆሞ ሚስማሩን ይቆጥርልሃል፤ ልጅህን ክርስትና ስታነሣ ስሙን ያርምልሃል፤ አዲስ ዕቃ የገዛህ ዕለት ደግሞ ዕቃው ሳይደርስ እሱ ደጅህ ላይ ደርሷል። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ለፋርማሲስቱ ለሰውአገኝ የደረሱት አያ አድማሴ ናቸው።

ሰውአገኝ ማኪና ያማረው ከቤቱ ተነሥቶ አራዳ እስካለው መድኃኒት ቤቱ ለሚወስደው የስምንት ደቂቃ መንገድ ነበር። አንዲት ጨዋ፣ አሮጌ፣ አራት በር ያላት ማኪና ሲፈልግ ከርሞ የገዛት ግን ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ ለእሽቅድምድም የተሠራች ማኪና ናት። እንዴት እንደገዛት ሲጠየቅ እስከ ዛሬ በቅጡ አያስረዳም። ሻጩ "አንድ ጊዜ ብቻ ሞክራት" አለው፤ ሞከራት፤ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው ሲፈርም ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣቱ መስኮቱ ተንኳኳ። አያ አድማሴ ነበሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በጎንደርና በሑመራ መካከል አውቶቡስ ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤቱ ናቸው።

"ዘይቷ ሞቋል?" አሉት።

"የቱ ዘይት?"

አያ አድማሴ መርዶ የተረዱ መሰሉ። ከዚያ ዞረው በሩን ከፈቱና ከፊት ተቀመጡ። "በል ቀስ ብለህ ንዳ። አንተ መንገድህን እይ፤ ዘይቷን ለእኔ ተው።"

ከመሪው ጎን የሞተሩን ዘይት ሙቀት የምታሳይ ክብ መለኪያ ነበረች። አያ አድማሴ ፊታቸውን ሊያስጠጉባት ጎንበስ ይሉና ቁጥሩን እንደ ምንባብ ከፍ አድርገው ያሰማሉ። "አርባ!" ትንሽ ይሄዳሉ። "ስልሳ! እንዳትረግጣት!" መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ዘይቷ ገና ሰባ ነበረች።

"እንግዲህ ደርሰናል" አለ ሰውአገኝ።

"ማን ደረሰ? አንተ ደርሰህ ይሆናል፤ ዘይቷ አልደረሰችም። ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር ውስጡ ውሃ ያቁራል። ወደ አዘዞ ንዳ!"

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውአገኝ አራዳ የሚገባው በአዘዞ በኩል ዞሮ ሆነ። የስምንት ደቂቃው መንገድ አርባ ደቂቃ ወሰደ። ሚስቱ የትነበርሽ ለጎረቤቷ "ሊቀ ዘይት" የሚል ማዕረግ ሰጠቻቸው። ማዕረጉም ጸደቀ።

ሰውአገኝ የተማረ ሰው ነው። የመድኃኒት መጠን በሚሊግራም የሚለካ ሰው ግን በዚች ዘይት ነገር ግራ ገባው። ከሰማንያ በታች ከሆነች አትርገጣት ይሉታል። ከመቶ ሃያ በላይ ከሆነችም አትርገጣት ይሉታል። በመካከል ስትሆን ደግሞ ከፊታቸው አህያ ወይም ባጃጅ አይጠፋም።

"አያ፣ ታዲያ መቼ ነው የምረግጣት?"

"ምነው፣ ምን ያስቸኩልሃል?"

ቢቸግረው ወደ መካኒኩ ወደ ሐምዛ ሄደ። ሐምዛ ዘይቱን በጣቱ አሻሽቶ አየና "አያ ልክ ናቸው" አለው። "አጭር መንገድ ብቻ ከነዳሃት ዘይቱ አይሞቅም፤ ውሃና ቤንዚን ይጠራቀምበታል። ግን በሳምንት አንድ ቀን ረዘም አድርገህ ብትነዳት ይበቃታል። በየቀኑ አዘዞ ምን ትሠራለህ?"

ሰውአገኝ ይህን ለአያ አድማሴ ነገራቸው። "ሐምዛ ሸጋ ልጅ ነው" አሉ አያ አድማሴ፤ "ያልኖረበት ግን ብዙ ነው።" በማግሥቱም በሰዓታቸው በሩን ከፍተው ገቡ።

ከፋሲካ በኋላ የየትነበርሽ እህት ትዕግስት ስታገባ ሙሽሮቹን እንድትይዝ ቀይዋ ማኪና ተመረጠች። አበባ ለበሰች። ሙሽሮቹ እንደ ምንም ተጣጥፈው ከኋላ ገቡ። ከፊት ማን እንደተቀመጠ መናገር አያስፈልግም። የሠርጉ ሰልፍ እየጨፈረ፣ ጥሩምባ እየነፋ፣ በእግረኛ ርምጃ ፒያሳን ዞረ። አንዴ ሲዞር ምንም አልነበረም። ሁለተኛው ላይ አያ አድማሴ ቀና አሉ።

"ሞቃለች! ንፋስ አላገኘችም። ከሰልፉ ውጣ!"

"አያ፣ ሙሽራዋ እኮ..."

"ሙሽራዋ ምንም አትሆንም፤ ዘይቷ ናት የምትሆነው። ወደ አዘዞ!"

ሰውአገኝ ሳያስበው መሪውን ጠመዘዘ። አጃቢዎቹ ፕሮግራሙ የተቀየረ መሰላቸው፤ ሃያ አንድ ማኪና ጥሩምባውን እየነፋ ተከተለው። ያ ሁሉ ሠርገኛ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በር ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ዘበኞቹ ትልቅ ሰው የመጣ መስሏቸው ሰላምታ ሰጡ። ምሳው በረደ። የሙሽራው አባት እስከ ዛሬ አዘዞ ለምን እንደሄዱ ያልገባቸው ሲሆን፣ ሰውአገኝም ሊያስረዳቸው ሞክሮ መሀል ላይ ተወው።

ነገሩ የተለወጠው በኅዳር ነው። አዲ አርቃይ ላሉ ሕመምተኞች የስኳር መድኃኒት የሚወስደው ማኪና ተሰበረና ሰውአገኝ መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ይዞ በራሱ ሊያደርስ ተነሣ። አያ አድማሴን የጉዞ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጅ ቆመው አገኛቸው። ደባርቅን አልፈው የሊማሊሞን ቁልቁለት በሰላም ወርደው መድኃኒቱን እኩለ ቀን ላይ አስረከቡ። መከራው ሲመለሱ ነው። ጉም ከላይ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ጉሙ መንገዱን ሳይሸፍነው ዳገቱን ለመጨረስ ሰውአገኝ ቸኮለ።

"ስንት ናት፣ አያ?"

"ዘጠና አምስት። ሸጋ ናት። ጨምር!"

ጨመረ። አንዱን የጭነት ማኪና ቀደመ፤ ሁለተኛውንም ቀደመ። በአንድ ወገን ድንጋይ፣ በሌላው ወገን ገደል ነው፤ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

"አሁንስ?"

"ዘጠና አምስት።"

ያኔ የተቃጠለ ነገር ሸተተው። አንዲት ቀይ መብራት ቦግ አለች። ሰውአገኝ መታጠፊያው ላይ ጥግ ይዞ ቆመና መለኪያዋን ራሱ አየ፤ መርፌዋ መቶ አርባን አልፋለች። የሚያየውን አላመነም። መጀመሪያ መለኪያዋ የተበላሸች መሰለው፤ ቀጥሎ አያ አድማሴ የቀለዱበት መሰለው።

"አያ፣ ስንት ነው ያሉኝ?"

አያ አድማሴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ምን ያህል ይታይዎታል?"

"ሞተሩን አታጥፋ" አሉ ሽማግሌው በቀስታ። "ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈተው፤ የሞተሩን ሙቀት ይስብላታል። ሁለት ደቂቃ ዝም ብላ ትሥራና ከዚያ አጥፋት።"

ሰውአገኝ እንዳሉት አደረገ። ሞተሩ ጠፋ። ጉሙ ደርሶ ማኪናዋን ሸፈናት። ከኮፈኑ ሥር የሚበርደው ብረት ጠቅ ጠቅ ሲል ብቻ ይሰማል።

"ክብ ነገር እንዳለ ይታየኛል" አሉ አያ አድማሴ። "መርፌዋ ግን አትታየኝም። ሦስት ዓመት ሆነኝ። መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ ስሄድ ሰሌዳ ላይ ፊደል አሳዩኝ፤ የቱ ፊደል እንደሆነ ቀርቶ ሰሌዳው የት እንዳለ ጠፋኝ። ለሰው ሁሉ 'መንዳት ሰለቸኝ' አልሁ። ከሁለት መታጠፊያ በፊት ዘይቷ ሸትታኝ ነበር። ዘጠና አምስት ብዬህ ስለነበር እንዴት ልመልሰው?"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ቁጥሩን ከየት ነበር የሚያመጡት?"

"ከሄድንበት ጊዜ። አዘዞ ስንደርስ መቼም ይሞቃል።"

"እና ለምን?"

"ቤት ተቀምጨ ምን ልሥራ? መንገዱን አላየውም። ከፊት ስቀመጥ ግን የት እንደደረስን አውቃለሁ።"

ሰውአገኝ ሊቆጣ ፈለገ፤ ገደል አፋፍ ላይ ነበሩና የመቆጣት መብት ያለው መሰለው። ቁጣው ግን አልመጣለት አለ። ስምንት ወር ሙሉ በውሸት ቁጥር መነዳቱን ሲያስብ፣ ከፍርሃቱ ጋር ምን እንደተቀላቀለበት ራሱም አላወቀም።

አንድ ሰዓት ያህል አረፉ። ጉሙ ሲሳሳ አያ አድማሴ ቁጥር መጥራቱን ትተው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘነበሉ። "ማርሽ ቀንስ። አታስጨንቃት። እንዲህ። አሁን ልቀቅላት።" ሰውአገኝ በየመታጠፊያው መርፌዋን ሰረቅ እያደረገ አየ፤ ከመቶ አሥር አላለፈችም። እንዲህ እያሉ ደባርቅ ገቡ።

በማግሥቱ አያ አድማሴ መስኮቱን አላንኳኩም። ሦስተኛው ቀን ላይ ሰውአገኝ ራሱ ቤታቸው ሄደና "ይነሡ፣ ዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዤልዎታለሁ" አላቸው። አሻፈረኝ አሉ። ለሐኪሙ የሚነግሩት ብዙ ነገር እንዳለ ሲነግራቸው ግን ጋቢያቸውን አነሡ። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አላቸው፤ እሳቸውም እንዴት እንደሚገፈፍ ለሐኪሙ አስረዱት።

የአንዱ ዓይን ፋሻ በተፈታበት ጠዋት አያ አድማሴ በሐኪም ቤቱ ግቢ ቆመው ብርሃኑን ጥቂት ለመዱት። ማኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። ከዚያ ወደ ሰውአገኝ መጡና አገጩን በእጃቸው ይዘው ፊቱን ወዲያና ወዲህ አዞሩት።

"ምነው፣ አንተ ገና ልጅ ነህ እንዴ?" አሉ። "በአነዳድህ እኮ እኩያዬ መስለኸኝ ነበር!"

ሰውአገኝ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ቀደመው። ሳቁ ዕንባ ሲሆንበት ፊቱን አዞረ፤ አያ አድማሴም አሁን ይህንን ጭምር ያያሉ።