በዣንጥላው ትዕይንት ላይ የተነሣ ክርክር

አንባቢ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በፊልም ሥራ አንድ ንግግር አንዴ ተነግሮ አያልቅም። ከሩቅ ይቀረጻል፣ ከቅርብ ይደገማል፣ ከጎን ይሠለሳል። ይህ ካልታወቀ ከዚህ በታች የሰፈረው ሁሉ እብደት ይመስላል።

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ቦታ፦ ጸጉር ቤቱ
የተገኙ የሰፈሩ የፊልም ክበብ አባላት፦ የፎቶ ቤቱ ባለቤት (ሊቀ መንበርና የፊልም አስተማሪ)፣ ፋርማሲስቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ ጡረተኛው መምህር (ጸሐፊ)። የቀረ ስለሌለ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የመጀመሪያውን ትዕይንት መቅረጽ

ጽሑፉ አጭር ነው። ጸጉር አስተካካዩ ለምትወጣ ደንበኛ «እመቤቴ፣ ዣንጥላዎን ረስተዋል» ይላል፤ እሷም «አመሰግናለሁ፣ ዝናቡስ አባርቷል» ብላ ትሄዳለች። ደንበኛዋን የተጫወቱት ፋርማሲስቷ ናቸው። ካሜራው ሲከፈት ግን ጸጉር አስተካካዩ ዣንጥላውን ጨብጦ «ታገቢኛለሽ?» አለ። ፋርማሲስቷ ጽሑፉን አጥንተው የመጡ በመሆናቸው «አመሰግናለሁ፣ ዝናቡስ አባርቷል» ብለው ወጡ።

ሊቀ መንበሩ ዓይናቸውን የተከሉት በመስኮቱ ብርሃን ላይ ብቻ ስለነበር፣ ንግግሩ ግሩም መሆኑን ገልጸው ከቅርብ እንዲደገም አዘዙ። ፋርማሲስቷ ተመልሰው ገቡ፤ ተደገመ። ልብስ ሰፊዋ የጸጉር አስተካካዩ ኮሌታ መጣመሙን ጠቅሰው «እንዲህ ሆኖ እንኳን ሚስት ታክሲም አይቆምለት» ሲሉ አሳሰቡ። ኮሌታው ተቃንቶ ከጎን ተሠለሰ። በዚህኛው የጸጉር አስተካካዩ ድምፅ ተንቀጠቀጠ። ፋርማሲስቷ መልሳቸውን በትክክል ተናግረው ወጡ፤ አልተመለሱም።

አጀንዳ 2፦ የተገኘውን መልስ ስለ መተርጎም

ጸሐፊው «ታገቢኛለሽ» የሚል ቃል በጽሑፉ ውስጥ እንደሌለ አስታወቀ። ሊቀ መንበሩ «የምርህን ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ጸጉር አስተካካዩ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌለበትን ራስ ምታት አለብኝ እያለ ከፋርማሲስቷ ኪኒን መግዛቱን፣ መሳቢያው በኪኒን ሞልቶ ለማበጠሪያ ቦታ መጥፋቱን፣ በራሱ ቃል መናገር ሲሞክር ግን አንደበቱ እንደሚተሳሰር፣ ስለዚህም በትዕይንቱ ተከልሎ መጠየቁን አስረዳ። ልብስ ሰፊዋ «አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ በሽተኛ መስለኸኝ ስጸልይልህ ነው የከረምኩት» አሉ።

ሊቀ መንበሩ «አመሰግናለሁ» ማለት እሺ ማለት ነው ሲሉ ተከራከሩ። ልብስ ሰፊዋ «ዝናቡ አባርቷል» ማለት ደግሞ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ማለት ነው አሉ። ሊቀ መንበሩም ፋርማሲስቷ በልምምድ ጊዜ ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ የተቀረጹበትን ቆርጦ በመቀጠል ነገሩን መጨረስ እንደሚቻል ሐሳብ አቀረቡ፤ ቅንብር የሚባለው ትምህርትም ይኸው ነው አሉ። ልብስ ሰፊዋ ልጁ አሳዝኗቸው አቋማቸውን ለወጡ። ከረዥም ውይይት በኋላ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ «ፋርማሲስቷ እሺ ብለዋል» ተብሎ ተወሰነ።

የተቃወመው ጸጉር አስተካካዩ ነው። «በድምፅ ብልጫ የመጣች ሚስት በድምፅ ብልጫ ትሄዳለች» ብሏል።

ጉባኤውም ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ሦስቱም ቀረጻዎች እንዲጠፉ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሊቀ መንበሩ ብርሃኑ እጅግ ያምር እንደነበር እንዲመዘገብላቸው ጠይቀው ተመዝግቧል። ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበተነ።

ግልባጭ፦ ለፋርማሲስቷ

እመቤቴ፣ ጥያቄው የእሱ፣ መልሱ የእርስዎ ብቻ ነው። ካሜራ የለም፤ ጽሑፍም የለም። ሰውየው አሁንም ኮሌታውን እያቃና ደጃፉ ላይ ቆሟል። እባክዎ፣ እሺም ይሁን እንቢ፣ በራስዎ ቃል ዛሬውኑ ይመልሱለት።