ዳገቱ ይቆጠር

እግዜር ሰውን ሲፈጥር እያንዳንዱን ለብቻው ፈጠረው፤ ማን ከማን ይበልጣል የሚለውን ሥራ ግን ለአንዳንድ ሰዎች ተወላቸው። እነዚህ ሰዎች በየከተማው አሉ። ሁለት በሬ ቢያዩ የትኛው እንደሚጠነክር ሳይፈርዱ አያልፉም፤ ሁለት ቄስ ቢቀድሱ የማን ድምፅ እንደሚያምር ሳይወስኑ ጠበል አይቀምሱም። የላሊበላው ተወካያቸው አያ ሞላ ነበሩ፤ በሙሉ ማዕረጋቸው ሲጠሩ ሊቀ ምዘና ሞላ፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማ ጠባቂ፣ የቅርጫት ኳስ የበላይ ዳኛ። ማዕረጉን ያወጣላቸው የከተማው ሰው ለፌዝ ነበር። እሳቸው በቁም ነገር ተቀበሉት።

ሥራቸው ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ባንደኛው በር ላይ መቀመጥ ነው። ቱሪስቱ ጫማውን አውልቆ ይገባል፤ አያ ሞላ ይጠብቃሉ፤ ሲወጣ የጫማውን አፍንጫ ወደ ውጭ አዙረው ያቀርቡለታል። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ ጫማ አልጠፋባቸውም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሁለት ጣልያኖች ተለዋውጠው ሄደዋል፣ እሱም የጣልያኖቹ ጥፋት ነው።

የውጭ አገሩንም ቅርጫት ኳስ የተማሩት ከጫማ ነው። አንድ ቀን ራሱ የበሩን ጉበን የሚገጭ አሜሪካዊ ገበታ የሚያህል ጫማ አውልቆ አስቀመጠ። አያ ሞላ እንዲህ ያለ ጫማ አይተው ስለማያውቁ የማን እንደሆነ በአስጎብኚው በኩል አስጠየቁ።

«የጆርዳን ነው ይላል» አላቸው አስጎብኚው።

«ታዲያ ይሄ ለምን አደረገው?»

ሰውየው የቅርጫት ኳስ ኮከቡ ጆርዳን ማን እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ቤተ ክርስቲያኑን ሳያይ ሄደ። አያ ሞላ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያመዛዝኑት አገኙ።

አስጎብኚው ከፋለ ይባላል። ዘመኑ 2005 ነው፤ ከፋለ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፣ በክረምት ቀኝ ጉልበቱን የሚቆረጥመው ሰው ነው። በ1988 ግን የትምህርት ቤቱ ቡድን አጥቂ ነበር፤ እስከ ዛሬም የላሊበላ የምንጊዜም ኮከብ እየተባለ ይጠራል። የሚጠሩት አያ ሞላ ናቸው። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማው ቆይቷል።

የኮከብነቱ ማስረጃ የአያ ሞላ ሚዛን ነው። የድሮው ሜዳ አፈር ነው፤ አፈርም ብቻ ሳይሆን ከዳር እስከ ዳር ያዘቀዝቃል። ቅርጫቶቹ ከበርሜል አፍ የተቆረጡ ብረቶች ናቸው፣ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ የተመቱ። ስለዚህ ሽቅብ ተወርውሮ የገባ አንድ ነጥብ አንድ ተኩል ተብሎ ይያዛል። በጾም፣ እህል ሳይቀመስ የገባ ደግሞ በእጥፍ ይታሰባል። «የበላና ያልበላ እኩል አይዳኝም» ይላሉ። ሊሞግታቸው የሚነሣ ሰው ቢመጣ ደግሞ በትራቸውን ብድግ አድርገው «መጀመሪያ ዳገቱ ይቆጠር!» ይሉታል።

ከፋለ በሁዳዴ ከወልድያ ጋር በነበረው ግጥሚያ አሥራ አራት ነጥብ አገባ፣ ሁሉንም ሽቅብ። በዳገቱ ሃያ አንድ ይሆናል፤ በጾሙ አርባ ሁለት።

«አሥራ አራት ነው» ይላል ከፋለ ሁልጊዜ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ውሸት አይሆንለትም።

«አንተ ያገባኸውን ነው የምታውቅ፤ ዋጋውን አታውቅም» ይሉታል አያ ሞላ።

ሌላው ችግር ይህንን ሁሉ ለእንግዶች የሚተረጉመው ራሱ ከፋለ መሆኑ ነው። ጆርዳን በየጨዋታው በአማካይ ሠላሳ ነጥብ እንደሚያገባ የነገራቸው አንድ የቺካጎ መምህር ነበር። አያ ሞላ በጥሞና ሰሙና ሁለት ጥያቄ አቀረቡ።

«ሜዳው ዳገት ነው ወይ በለው።»

«ለጥ ያለ ነው። እንጨትም ተነጥፎበታል ይላል።»

«እንጨት! በል ይሁን። ይጾማልስ?»

መምህሩ እርግጠኛ አልነበረም።

«ካልተረጋገጠ አይታሰብለትም። ሠላሳው እንዳለ ይያዝ። ሠላሳ ካርባ ሁለት ያንሳል። ከጆርዳን የሚበልጠው ሰው እነሆ ፊትህ ቆሟል በለው።»

ከፋለ ወደ መምህሩ ዞሮ «ሽማግሌው እንኳን ደህና መጡ ይላሉ» ብሎ ተረጎመ። ውሸት የማይሆንለት ሰው በሥራው ላይ የሚዋሻት ይህችን ብቻ ነበር።

አንድ በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊ ደግሞ በልጅነታቸው ያዩት ራስል የሚባል ተጫዋች አሥራ አንድ ዋንጫ እንደበላ፣ ጆርዳን ግን ስድስት ብቻ እንዳለው ነገሯቸው። አያ ሞላ የድሮ ሰው ስለሚወዱ ሊፈርዱላቸው ቃጣቸው፤ ነገር ግን ያኔ ስንት ቡድን ይጫወት እንደነበር ሳይጠይቁ አላለፉም። ሲጀምር ስምንት ነበሩ ተባሉ። «ከስምንት ሰው መሐል አንደኛ መውጣትማ ምን አለው? እኔስ ከጫማ ጠባቂ አንደኛ አይደለሁ?» አሉና ጉዳዩን ለሌላ ቀን አሳደሩት። ሌብሮንን ያነሣባቸው ወጣት «ገና ልጅ ነው፣ ይቆየን» ተብሎ ተሸኘ።

በዚያ ዘመን ሁሉም ይገመገም ነበር። ገበሬው በልማት ቡድን፣ መምህሩ በአንድ ለአምስት ይገመገማል፤ አያ ሞላ ባይኖሩ ከግምገማ የሚያመልጡት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ብቻ ነበሩ። ደግሞ አያዳሉም። ከሐይቅ የመጣው ሙጂብ አንድ ጊዜ በረመዳን ዘጠኝ ነጥብ ሽቅብ አግብቶ ነበር፤ የሱን በሦስት አበዙለት። አንድ ዲያቆን ቅር ቢለው «የኛ ጾም ከሰዓት በኋላ ይፈታል፤ የሱ እስከ ማታ ነው፣ ውሃም የለው። ረሃብ ሃይማኖት አይለይም፣ ተቀመጥ» አሉት። ሙጂብ አርባ ነጥብ ተኩል ሆነ። ከፋለ በአንድ ነጥብ ተኩል ተረፈ፤ ያን ሰሞን ግን ሐይቅ የሚለውን ስም መስማት አይወድም ነበር።

እንግዲህ ከፋለ ነገሩ ሰለቸኝ ቢልም አልሰለቸውም። እንዲያውም ደስ ይለው ነበር። ሚስቱ ሲጫወት አላየችውም፤ ልጆቹ ኳስ ይዞ አያውቁትም፤ አብረውት የተጫወቱት አዲስ አበባና ባሕር ዳር ገብተዋል። አያ ሞላ ዝም ካሉ ከፋለ ቱሪስት አሸተን ማርያም ተራራ የሚያወጣ ጉልበተ በሽተኛ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ የሲሚንቶ ሜዳ ተሠራለት። ርዕሰ መምህሩ በመግቢያው ላይ የከተማው የምንጊዜም ምርጥ ተጫዋች ስም ይጻፍ አሉ። ማን ይምረጥ ሲባል፣ የስፖርት መምህሩ ምስጋኑ «አያ ሞላ ይፍረዱ፤ ሌላ ሰው ከፈረደ ይጣላሉ» አለ። ይህንን ያለው ግን ለከፋለ አስቦ አልነበረም። ማኅሌት የምትባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችው፤ ከወንዶቹ ጋር ተጫውታ ሃያ ሰባት ነጥብ ያገባች።

«ሲሚንቶው ለጥ ያለ ነው። ሃያ ሰባቱ እንዳለ ይያዛል» አሉ አያ ሞላ።

«እሷኮ የብልባላ ልጅ ናት። ስንቋን አዝላ፣ ሌሊት ተነሥታ በእግሯ መጥታ ነው በዚያው ቀን የተጫወተችው። የብልባላ ዳገት አይቆጠርም?»

አያ ሞላ ሦስት ቀን ሙሉ ምንም ሳያመዛዝኑ ዋሉ። በነዚያ ሦስት ቀናት ከፋለ ምግብ አልበላ አለው። ስሙ እዚያ ካልተጻፈ መቼም የትም አይጻፍም።

በአራተኛው ቀን ጭንቀቱ ስላላስቀመጠው ራሱ አነሣው።

«አያ ሞላ፣ ለምን ሄደው አያዩዋትም?»

«ጫማውን ለማን ትቼ?»

«የወልድያው ግጥሚያ ጊዜስ ለማን ትተው ነው የመጡት?»

አያ ሞላ የአንዲት ፈረንሳዊት ጫማ አንሥተው አቧራውን አራገፉ። አቧራ አልነበረበትም።

«ማን መጣ አለህ?»

ከፋለ ዙሪያውን ተመለከተ። በሩ ያለው ከመሬት በታች በተፈለፈለው ቅጥር ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሆኖ የሚታየው የድንጋይ ግድግዳና ሰማይ ብቻ ነው።

«ሜዳውኮ ከዚህ አይታይም።»

«አይታይም። ይሰማል» አሉ አያ ሞላ። «ሲገባ ጩኸቱ ሌላ ነው፣ ሲሳት ሌላ ነው። ቁጥሩን ተማሪዎቹ ሲያልፉ እጠይቃለሁ። ከሥራዬ ተነሥቼ አላውቅም፤ ጨዋታ የሚባል ባይኔ አላየሁም። የሰማንያ ስምንቱን የሁዳዴ ጩኸት ግን እስከዛሬ አልረሳው። ይኼ ግድግዳ ነዘረ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ከዚህ ልጅ የሚበልጥ አይመጣም ያልሁ።»

ከፋለ ጩኸቱን ያስታውሰዋል። ከገበያ የደነበረች አንዲት በቅሎ ጭነቷን እየበተነች ሜዳ ገብታ ዳኛውን ከነፊሽካው ጥላው ስታልፍ የተጮኸ ነው። እሱ ነጥብ ሲያገባ የተጨበጨበው እንደማንኛውም ቀን ነበር። ስለ በቅሎዋ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሽማግሌው ግን ያንን ቀን እንደገና የሚሰሙት መስለው ሲያያቸው ሌላ ነገር ተናገረ።

«ቅዳሜ ትጫወታለች፤ እኔ እጠብቅልዎታለሁ። ሄደው ይዩዋት።»

ቅዳሜ ከፋለ በአያ ሞላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ አሥራ ሰባት ጥንድ ጫማ ፊቱ ደርድሮ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ጩኸቱ ከላይ ወረደ። ቅጥሩ ውስጥ ሲገባ ይገዝፋል፤ ግድግዳውን ዞሮ ከሁሉም በኩል ይመጣል። የክንዱ ጠጉር ቆመ። ከበቅሎዋ ይበልጣል ብሎ ራሱ ፈረደ።

አያ ሞላ ተመልሰው ሲመጡ አጠገቡ ተቀመጡ።

«ኳሷ ያን ያህል ትልቅ አትመስለኝም ነበር» አሉ።

«ስንት አገባች?»

«መቁጠሩን ረሳሁት።»

«ታዲያ ፍርዱስ?»

«አንድ ወገን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ዳኛ የት አገር አለ? እሷን አየሁ። አንተን አላየሁህም።»

«እኔማ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው!»

«ይታሰብልሃል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምህር ምስጋኑ ጫማ ሲጠብቅ ሁለቱ ወደ ድሮው ሜዳ ወጡ። ሣር በቅሎበታል፤ ከሁለቱ ቅርጫቶች የቀረው የላይኛው ብቻ ነው። አያ ሞላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በትራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙ። ከፋለ ከታች ሆኖ ወረወረ። አነሰ። ደግሞ ወረወረ፤ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ግንዱን መታ። በሳተ ቁጥር ኳሷ ቁልቁል ትሄዳለች፣ ከፋለም እያነከሰ ይከተላታል። በሰባተኛው ላብ አጠመቀው። እንዲህ ያለ ዕፍረት ይዞት አያውቅም፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሲመሰገን ኖሮ ያመሰገኑት ሰው ፊት ባዶውን ቆመ።

አያ ሞላ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ምነው አያ ሞላ?»

«ዓይኔ አወከኝ። በለመድኩት ላዳምጥህ። በል ወርውር።»

ከፋለ ጉልበቱን አጥፎ ወረወረ። ኳሷ የበርሜሉን ብረት መታችው፤ ብረቱ ጮኸ፤ ኳሷ ከአፉ ላይ ዘልላ ወጣችና ነጥራ ነጥራ ቁልቁለቱን ያዘች።

«ገባች!» አሉ አያ ሞላ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ ፊታቸው በርቶ።

ከፋለ ኳሷን አየ፣ ሽማግሌውን አየ።

«ገባች፣ አያ ሞላ» አለ።

አያ ሞላ ዓይናቸውን ገልጠው ነጠላቸውን አስተካከሉና በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እንዲያም ሆኖ ልጅቷ ትበልጥሃለች» አሉት።

«አውቃለሁ» አለ ከፋለ፣ ኳሷን ሊያመጣ ቁልቁለቱን እየወረደ።