ውኃው ሲፈላ አልነበርኩም

አንቀጽ የሚፈራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እባብ አይደለም፣ ፖሊስም አይደለም፣ አንቀጽ! እኔ አንዱን እዚሁ ካምፓላ፣ ኪሱጉ ሰፈር አገኘሁት። ከኮሮናው መዘጋት በኋላ ትምህርት ሲጀመር፣ እኛ ስደተኞች በምንማርበት የጎልማሶች ክፍል አጠገቤ ተቀመጡ። ጋሽ ምናሴ ይባላሉ።

የሳይንስ አስተማሪያችን ማንቆርቆሪያ ጥዳ ውኃ አፈላችና «ያያችሁትን በአንድ አንቀጽ ጻፉ» አለችን። ጋሽ ምናሴ ላብ በላብ ሆኑ።

«ልጄ፣ ይህ ወረቀት ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አስተማሪዋ ታርመዋለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይመለስልዎታል።»

«አገር ቤትም ፖሊሶቹ ቃሌን ሲያስጽፉኝ እንደዚሁ ብለውኝ ነበር» አሉና አጎንብሰው ጻፉ።

አስተማሪዋ ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ውኃው ሲፈላ አላየሁም። በሰዓቱ እዚያ አልነበርኩም። ማን እንደጣደውም አላውቅም።»

ሁላችንም በሳቅ ፈነዳን። ዓይናቸው እያየ የፈላ ውኃ እኮ ነው! እኔማ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

አስተማሪዋ ግን አልሳቀችም። «በሉ፣ እናንተም በየወረቀታችሁ ላይ ስማችሁን ጽፋችሁ ስጡኝ» አለች።

ሳቃችን ቀጥ አለ። ስሙን ሊጽፍ እስክሪብቶ ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ወረቀቴን ቀስ ብዬ በክንዴ ሸፈንኩት።