ሽንፍላ በፈረንጅ ስሟ

አንደኛ መውጣት የለመደ ሰው ያሳዝነኛል። ሁለተኛ የሚወጣው ቢያንስ ከፊቱ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ አንደኛው ግን ዓለም ሁሉ ከኋላው የተሰለፈ ይመስለዋል። ዓለም ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ከተወለድኩባት ከቀየት ትንሽ ሰፋ ትላለች።

እኔ የቀየት አንደኛ ነበርኩ። ሰፈርተኛው «ዶክተሯ» ብሎ ሲጠራኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቀና ብዬ «አቤት» እል ነበር። እንዲህ እንደተኮፈስኩ ነው በሶዬን ይዤ የእንስሳት ጤና ልማር ዓለም ከተማ ወደሚገኝ ኮሌጅ የወረድኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ስድስት መምህራን ስድስት ጥራዝ አሸከሙን። አንዱም መምህር ከእሱ ትምህርት ሌላ ያለብን አይመስለውም። የቤት ሥራው፣ የቡድን ሥራው፣ የተግባር ሪፖርቱ እንደ ሐምሌ ጎርፍ ተከታትሎ መጣ። እኔም የማውቀውን አንድ ዘዴ ያዝኩ፤ መሸምደድ። ቀየት ላይ ያላሳፈረኝ እዚህም አያሳፍረኝም አልኩ።

አሳፈረኝ። የመጀመሪያው የአናቶሚ ፈተና፣ ዘጠኝ ከሠላሳ።

ዘጠኝን ለእናት በስልክ እንዴት ይነግሯታል? «ደህና ነኝ፣ ትምህርቱም ደህና ነው» ብዬ ዘጋሁና በማግስቱ ጠዋት ልብሴን መሸከፍ ጀመርኩ።

ይኼኔ እትዬ አስካለ ደጃፌ ላይ ቆሙ። እትዬ አስካለ የሦስት ልጆች እናት፣ የመርሐቤቴ ሰው፣ በአንድ ግቢ የተከራየን የክፍል ጓደኛዬ ናቸው። አዎ፣ የክፍል ጓደኛዬ። አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ተመዝግበው እኛን ልጆቹን ያስገረሙ ሴት ናቸው። ጥራዛቸውን ታቅፈው ሻንጣውን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«ልትሄጂ ነው?»

«አልቻልኩም፣ እትዬ። ከበደኝ።»

«እኔንም ከብዶኛል፤ ሰባት ነው ያመጣሁት። በይ አውቶቡሱ እስኪሞላ ይቺን አንድ ገጽ አንብቢልኝና ትሄጃለሽ። ፊደሏ ደቃቃ ናት፣ ዓይኔ አይለያትም።»

እንዴት እምቢ ይባላል? ተቀምጬ ስለ በግ ሆድ ዕቃ የሚያወራውን ገጽ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። «ሦስተኛው ክፍል ኦማሰም ይባላል፤ ውስጡ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ . . .»

«ቆይ ቆይ! ሽንፍላ አይደለችም እንዴ?»

ሥዕሉን ደግሜ አየሁት። ሽንፍላ ናት! በየፋሲካው ጣቴ እስኪደነዝዝ እያንዳንዷን ቅጠል እየገለጥኩ ያጠብኳት ሽንፍላ! የበግ አገር ልጅ ሆኜ ሁለት ወር ሙሉ በጉን ስሸመድደው አንድም ቀን አላየሁትም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኼው ነው። ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ ስቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ። እሳቸው ያላዩ መስለው፣ «በይ ቀጥዪ፣ ከሽንፍላ ቀጥሎ ማን አለች?» አሉ።

አውቶቡሱ ሞልቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀነሰ ብዬ አልዋሻችሁም። ስድስቱ ጥራዝ ስድስት እንደሆነ ነው። ግን ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ እኔ ሳነብ እሳቸው «ይኼ በእኛ አገር ምንድነው?» እያሉ ሲያቆሙኝ፣ ሳይገባኝ የማልፈው ገጽ ጠፋ።

የሁለተኛው ፈተና ውጤት ሲለጠፍ ተጋፍተን ሄድን። እኔ ሃያ ሁለት። እትዬ አስካለ ሃያ ስድስት። ደስ ብሎኛል አልኳቸው፤ ዓይኔ ግን ከሃያ ስድስቷ ላይ አልነሳ አለ። አስጠኚዋ እኔ አልነበርኩም እንዴ? ፊቴን አይተው አቀፉኝና፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ለሚቀጥለው እኔ አስጠናሻለሁ» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጥራዛቸውን ይዘው መጡ።